መርዶው ያልተነገረ ኮከብ

የባሕር ዳር ሰው ምስጢር አይችልም ብሎ የሚያማን ካለ መርዶ አላየም ማለት ነው። የጎረቤቱን አዲስ ሶፋ ዋጋ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ግን አፉን ይለጉማል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ንጋት ላይ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ባለሐዘኑ ምንም አይሰማም። እስከዚያ ሁላችንም እየሳቅን እናወራዋለን። ምን የመሰለ ትወና እንደምንችል አትጠይቁኝ።

እኔ እዚሁ ሹም አቦ ሰፈር ፊዚክስ አስተምራለሁ። በቀደም የተማሪዬ የእናትነሽ አጎት መምህራን ክፍል ድረስ መጥተው፣ "መምህር፣ ወንድሜ፣ የልጅቱ አባት፣ ደልጊ ላይ አርፏል፤ ቀብረነው መጣን። ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ፤ አደራ፣ ፊትዎ እንዳያሳብቅ" አሉኝ። ልጅቱ የምትማረው እሳቸው ቤት ሆና ነው። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ይደውሉላት ነበር፤ አሁን አጎቷ "ኔትወርክ የለም" ይሏታል። ኔትወርኩም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ተወቀሰ።

የእኔ ዕድል ሆኖ የዚያን ዕለት ትምህርት አጽናፈ ዓለም እንዴት እንደተፈጠረ ነበር። በመጀመሪያ ሁሉም እጅግ የታመቀና የጋለ እንደነበር፣ ከዚያ እየሰፋና እየቀዘቀዘ እንደመጣ፣ ከዋክብትም ኋላ እንደተወለዱ አስረዳሁ። ይህ በምን ታወቀ እንዳይሉኝ ብዬ ራሴው ቀደምሁ፦ "ብርሃን መንገደኛ ነው፤ ሩቁን ስናይ የምናየው ድሮን ነው። አሁን የምታዩት ኮከብ ከሞተ ቆይቶ ይሆናል፤ ብርሃኑ ግን ገና እየደረሰን ነው።"

ምላሴን በቆረጠው!

እናትነሽ እጇን አወጣች። "መምህር፣ መሞቱ እስኪታወቅ ድረስ ለሚያየው ሰው አለ ማለት ነው?"

"ለሚያየው... አለ" አልሁና ሰሌዳ ማጥፋት ጀመርሁ፤ ያውም ያልተጻፈበትን።

ከክፍል ስንወጣ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። በዛፎቹ መሐል ሐይቁ ይታያል፤ ደልጊ ከውሃው ማዶ ነው።

"ለአጎቴ እንዳይነግሩብኝ" አለችኝ። "ሰምቻለሁ። ከደልጊ የመጣች ልጅ የተነገረኝ መስሏት እግዜር ያጥናሽ አለችኝ።"

"ታዲያ አላለቀስሽም?"

"የት ላልቅስ? ቤት ካለቀስሁ ያውቃሉ። ካወቁ መርዶ ይነግሩኛል። እስኪነግሩኝ ድረስ ግን አባዬ ቅዳሜ የሚደውል ይመስለኛል፤ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እጠብቃለሁ።"



በነጋታው አጎቷ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። "ምንም አልጠረጠረችም አይደል?"

"ምንም" አልሁ።

ተመስገን ብለው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሄዱ። ፈተናው ገና አልተጀመረም።