ቅኝት በሻንጣ

ከፋብሪካ የወጣ ኦርጋን ክፉ አይደለም። ግትር ነው እንጂ። አንቺሆዬ ልጫወትበት ስል እንደ ጎንደር አማት ነው የሚያየኝ፤ «እኛ ቤት እንዲህ አይባልም» የሚል ይመስላል። ታዲያ ምን ይደረግ? የእኛ ሰው ሱዳን ቢኖርም አንቺሆዬ ካልሰማ ተድሬያለሁ አይልም።

የራሴን ሠራሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ብኮራ ታገሱኝ። የተበላሹ ሬዲዮኖችና ቴፖች አንጀት አውጥቼ በትንንሽ ሰሌዳዎች ደረደርኩት። አንዱ ሰሌዳ ድምፅ ያመነጫል፣ ሌላው ያለዝበዋል፣ ሌላው ያስለቅሰዋል። በመካከላቸው ያለውን ሽቦ ነቅዬ ሌላ ቦታ ስሰካው ዋሽንቱ ማሲንቆ ይሆናል። ዋናው ግን ከላይ ያለው የብሎን ረድፍ ነው፤ የእያንዳንዱን የኦርጋን ቁልፍ ድምፅ ለብቻው ያቀጥናል፣ ያወፍራል። ሁሉም በአንዲት ሻንጣ ገባ፤ በመኪና ባትሪ ይሠራል። ለምን አሳነስከው ትሉኝ ይሆናል። ቦክሲ በምንላት ፒካፕ ላይ ከፍየልና ከበርሜል ጋር ተጭናችሁ ከገዳሪፍ ባሱንዳ ብትሄዱ አትጠይቁኝም ነበር።

ዘፋኛችን ታከለ ሻንጣዋን ሲያይ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሠርግ ያደምቃል ወይስ ያቃጥላል?» አለ።

ሰሊጥ ታጭዶ ሠርግ ሲበዛ ባሱንዳ ተጠራን። ለሻንጣዋ የመጀመሪያ ሠርጓ ነው። እኛም ከእሷ ሌላ የያዝነው መሣሪያ የለም። ኬላ ላይ ፖሊሱ ከፈታት። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? የኔ ዐረብኛ ከገበያ አያልፍም፤ የታከለ ከሻይ።

የኬላው አዛዥ አስተርጓሚ አስጠራ። አያ ደሴ መጡ፤ ኬላው አጠገብ ሻይ የሚያፈሉ፣ ድሮ ወታደር የነበሩ፣ ፈገግታ የማያባክኑ የአገራችን ሰው ናቸው። ከብሎኖቹ በላይ አሳምሬ የጻፍኳትን አንዲት ቃል አነበቡ፦ «ቅኝት»።

እንግዲህ ለእኔ ቅኝት አንቺሆዬ ነው፣ ባቲ ነው። ጉልምስናውን በምሽግ ለጨረሰ ሰው ግን ቅኝት ማለት የጠላትን ወረዳ ሰልሎ መመለስ ነው። አያ ደሴም ቃሏን ከነወታደር ልብሷ ወደ ዐረብኛ አሻገሯት። የአዛዡ ፊት ጠቆረ።

«አያ ደሴ፣ የዘፈን ቅኝት እኮ ነው» አልኩ።

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብሁ» አሉ።

አዛዡ፣ ሻንጣዋ ገዳሪፍ ተመልሳ ትመርመር አለ። ባሱንዳ ላይ ሙሽሮች ይጠብቃሉ። ታከለ በዚያ በሻይ ዐረብኛው «ሙሲቃ፣ ሙሲቃ» እያለ አየሩን በጣቶቹ ይደበድብ ጀመር። አዛዡ ትንሽ አየውና እንግዲያው እንስማው አለ።

ባትሪውን ሰካሁ። ብሎኖቹን ዳሰስኩ። አንቺሆዬዋ ከሻንጣዋ ስትወጣ አንድ ፖሊስ ጠመንጃውን አንገቱ ላይ አሻግሮ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ሱዳን ሠርገኛ ጣቱን ያስጮህ ጀመር። ሁለተኛው ተከተለው። ከፋብሪካ የወጣ ኦርጋን ይህን ያደርጋል? አያደርግም። አዛዡ በመጨረሻ፣ ሰላይ እንዲህ አይጮህም፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እለፉ አለ።

ሻንጣዬን ስዘጋ አያ ደሴ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ያሸነፈ ሰው ዝም ማለት ይቸግረዋልና፣ «እንግዲህ ትርጉሙ ስሕተት እንደነበረ ያምናሉ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ዞሩ።

«ምኑን ተሳሳትሁ? ዘፈንህ ስንት ዘመን ማንም ያልደረሰበት ቦታዬ ገብቶ፣ ያለውን ሁሉ አይቶ ወጣ። ቅኝት ነው። ሪፖርት እንዳታደርግብኝ ብቻ።»