የመካነ ሰላም ጠቅላይ ጠያቂ

ከተማ ያለ ፖሊስ ሊያድር ይችላል፤ ያለ ጠያቂ ግን አያድርም። ጠያቂ ስል ጋዜጠኛ ወይም መርማሪ ማለቴ አይደለም። ቸኩላችሁ ስትሮጡ ክንዳችሁን ይዛ «ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና? ፊትህ ምን ሆነ? እህል ቀምሰሃል?» የምትለዋን ሴት ማለቴ ነው። «ደኅና ነኝ» ብትሏት አታምንም። «በልቻለሁ» ብትሏት «ምን?» ትላለች። «እንጀራ» ስትሏት «በምን?» ትላለች።

በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። ለመካነ ሰላም የተሰጡን ክብርት ወይዘሮ ዘይነባ ነበሩ። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ሳሙና፣ ስኳርና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ዘጠኝ ዓመት ሳዑዲ ኖረው በ2006 ከተመላሾቹ ጋር የመጡ ናቸው። ሹመታቸውን ያጸደቀ ምክር ቤት የለም፤ የተከራከረበትም ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ሊያስረዳ ከደሴ የመጣ ካድሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረና «አስተያየት?» አለ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ከንፈርህ ደርቋል። ከደሴ ስትነሣ እህል ቀምሰሃል?»

ካድሬው ማስታወሻውን አገላበጠ፤ መልሱ እዚያ አልተጻፈም። በመጨረሻ «አልቀመስኩም» አለ፣ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ። ስብሰባው በሙሉ ድምፅ ተበተነ።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነው የማወራችሁ። የቀረውን እያፈርሁ ነው።

በ2008 ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ከሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓችን ጓደኞች ጋር ሆነን በቴሌግራም «ሰኪና»፣ ማለትም የልብ እርጋታ፣ የሚባል ግሩፕ ከፈትን። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። ከቤቱ ርቆ እንቅልፍ ያጣ፣ ደረቱን የሚያፍነው፣ ሐዘን የተጫነው ተማሪ ብዙ ነበር። አንዱ «ኢማኔ ደክሞ ነው» ብሎ ይደብቃል፤ ሌላውን «ጂን ነው» ይሉታል። የግቢውን አማካሪ በር የሚያንኳኳ የለም፤ ሰው ያየኛል ይላል። ታዲያ ቁርኣኑንም ሥነ ልቦናውንም ይዘን በስልኩ እንግባለት አልን።

ለዚህ ሥራ ራሴን «ዋና አማካሪ» ብዬ ሾምሁ። ዝግጁ መልሶችም ጻፍሁ፤ ለጭንቀት አንድ፣ ለሐዘን አንድ፣ ለእንቅልፍ ማጣት አንድ። እያንዳንዱ ሦስት የቁርኣን አንቀጽ፣ ሁለት ሐዲስና አምስት ነጥብ ምክር ነበረው። ስም ብቻ ለውጦ መላክ ነው።

የካቲት ላይ ለእረፍት መጥቼ ካርድ ልገዛ ስገባ እትዬ ዘይነባ ስልኬን አዩብኝ።

«ጀብሪል፣ ይኼ የምን ጀመዓ ነው?»

ነገርኋቸው።

«ጨምረኝ» አሉ። የአገር እናት እምቢ አይባልም፤ ጨመርኋቸው።

ከዚያ ወዲያ የ«ሰኪና» ሰላም ታወከ። እትዬ ዘይነባ አይጽፉም፤ ድምፅ ይልካሉ። ሰባት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። ከኋላቸው «ደሴ! ደሴ! የሞላ!» የሚል የረዳት ጩኸት አለ፤ መካከል ላይ «ቆየኝማ ልጄ፣ ሳሙና የፈለገ ሰው መጣ» ይሉና ሳሙናውን ሽጠው ይመለሳሉ። ፈተና የፈራውንም፣ እጮኛው የከዳችውንም፣ ዓለም የጨለመበትንም የሚጠይቁት ያንኑ «እህል ቀምሰሃል?» ነው። አንዲት ፈርሂያ የምትባል፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የአጅባር ልጅ «እናቴ ኩዌት ናት፣ ትናፍቀኛለች» ብላ ብትጽፍ «አብሽሪ የኔ እናት፤ ስልክሽን ስጪኝ፣ እኔ እደውልልሻለሁ» አሏት። ሙያዊ ርቀት የሚባለውን ነገር ሳሙና መስሏቸው ሸጠውት መሆን አለበት።

እኔ ዶርም ውስጥ ድምፃቸውን አስመስል ነበር። ሳላቸውን ጭምር። ጓደኞቼ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። አንዱ ቀድቶት ለሌላ ላከ፤ ሌላው ለሌላ።

ግንቦት ላይ ሙሐመድኑር የሚባል ልጅ «አባቴ ከሞተ ወዲህ ሶላት ላይ ስቆም ምንም አይሰማኝም። እኔም የሞትሁ ይመስለኛል» ብሎ ጻፈ። የሐዘኑን መልስ ስሙን አስገብቼ ላክሁለት። ቀጥሎ እትዬ ዘይነባ መጡ።

«አብሽር የኔ ጌታ። አባትህ ማን ይባሉ ነበር? ዱዓ ላይ በስማቸው ልጥራቸው።»

ልጁ ወዲያው የአባቱን ስም ጻፈላቸው። ለእኔ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ለእሳቸው መለሰ። ያን ዕለት እትዬ ዘይነባን ከግሩፑ አስወጣኋቸው። ለጓደኞቼ «የሙያ ሥነ ምግባር ነው» አልኋቸው። ቅናት ነበር።

በማግሥቱ ደወሉልኝ። «ጀብሪል፣ ስልኬ ታመመ መሰለኝ፤ ልጆቹ በሙሉ ጠፉብኝ። ያ አባቱ የሞተበትን ልጅ ቁጥሩን እንኳ አልያዝሁም።»

«ኔትወርክ ነው፣ እትዬ» አልሁ። ለሙሐመድኑርም እኔ አልደወልሁለትም።

በ2009 መግቢያ፣ መስከረም ላይ፣ ፈርሂያ ለእኔ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አልወረድሁም፤ ሶላቴ ተቋረጠ፤ አላህ ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኛል፤ ምን ላድርግ?» ኳስ ልንጫወት ልጆቹ በር ላይ ይጠሩኝ ነበር። የሐዘኑን መልስ ገልብጬ ላክሁና ወጣሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፋ። እኔም «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ብዬ አረፍሁ። ሐቁን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የካቲት ላይ ወደ ቤት መጥቼ እንደ ወትሮው ካርድ ልገዛ ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ አንዲት ቀጭን ልጅ ስኳር ትመዝናለች። እትዬ ዘይነባ «ጀብሪል መጣ!» ሲሉ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«የሰኪናው ጀብሪል?»

«አዎ። አንቺስ?»

«እኔ ወንድም ሙሐመድኑር ነኝ» አለችኝ።

አልገባኝም። ስልኳን አውጥታ በባንኮኒው ላይ ገፋችልኝ። የእኔ መልስ ነበር። «ውድ ወንድም ሙሐመድኑር፣ አባትህን አላህ ይማርልህ፤ ሰብር አድርግ» ይላል። ማንም ላልሞተባት፣ ዘጠኝ ቀን ለተኛችው ለፈርሂያ የላክሁት ይህንን ነው። ስሙን መለወጥ እንኳ ረስቼ።

«ለሌላ ሰው የተላከ ነው ብዬ የእኔን ጠበቅሁ» አለች። «ከዚያ ኔት ጠፋ።»

የሆነውን የነገሩኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ኔት ቢጠፋም የእሳቸው ካርድ ይሠራ ነበር። ፈርሂያ ሦስት ቀን አላነሣ ስትላቸው የዶርም ጓደኛዋን አፈላልገው አገኙ። «አትናገርም፣ አትበላም» አለቻቸው። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ልጅቷ ግቢ በር ላይ ከጥበቃ ጋር ተሟግተው ገቡ። ይዘዋት ተመልሰው ደሴ ሆስፒታል አስተኟት፤ መድኃኒት አስጀመሯት። ሶላቷን በፈራች ጊዜ ደግሞ ሸህ ጠርተው «የታመመ በተኛበት ይሰግዳል፤ አላህ በዚህ አይቀየምም» አስባሏት። ከዚያ እናቷ ደውላ እያለቀሰች አደራ ስትላቸው ቤታቸው አመጧት። እኔ በአምስት ነጥብ የጻፍሁትን ሴትዮዋ በእግራቸው ሄደውበታል።

አንገቴን እንደደፋሁ «እትዬ፣ አፉ በሉኝ» አልሁ። «ከግሩፑ ያስወጣሁዎት እኔ ነኝ። ኔትወርክ አልነበረም።»

«አውቄዋለሁ» አሉ ስኳሩን እየቋጠሩ። «ኔትወርክ እኔን ብቻ መርጦ አይጠፋም። ድምፄንም ስታስመስል ሰምቼሃለሁ። ሳሉን አሳንሰኸዋል።»

ፈርሂያ ሳቀች። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ለምን ዝም አሉኝ ታዲያ?»

«ምን ልበልህ? ሰው ሲያፍር እንጂ ሲሰደብ አይማርም።» ቋጠሮውን አስቀመጡ። «ሪያድ የነበርሁበት ቤት በላዬ ይቆለፍ ነበር። ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር፣ ወላሂ። አንዲት የወሎ ሴት ቁጥሬን ከሰው አግኝታ በየቀኑ ትደውልልኛለች። መልኳን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ምን በላሽ ብቻ ነው የምትለኝ። ምንም አልበላሁም ማለቱ አሳፈረኝ፤ በልቻለሁ ብዬ መዋሸቱም አሳፈረኝ። አንድ ቀን እንዳልዋሻት ብዬ ተነሥቼ ሩዝ ቀቀልሁ። በዚያው ተነሣሁ።»

ያን ሁሉ ዘመን የሳቅንበትን ጥያቄ ያን ዕለት ገና ሰማሁት።

ፈርሂያ በዓመቱ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ተመረቀችም። መድኃኒቷንም ሶላቷንም አላቋረጠችም። «ሰኪና»ም ኔቱ ሲመለስ ቀጠለ፤ ዝግጁ መልሶቹን ግን አጠፋኋቸው። እኔም ከዋና አማካሪነት ራሴን ሻርሁ። ይህ ሁሉ ኋላ የሆነ ነው። በዚያ ዕለት ከሱቁ ልወጣ ስል እትዬ ዘይነባ ጠሩኝ።

«ያ አባቱ የሞተበት ልጅስ? አለ?»

አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ በሕይወት ይኑር አይኑር ጠይቄ አላውቅም። ቁጥሩን ከግሩፑ አውጥቼ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ደወልሁ። ጠራ። ጠራ።

«ማን ልበል?» አለ አንድ ድምፅ።

«ጀብሪል ነኝ፣ ከሰኪና። ሙሐመድኑር፣ እንዴት ነህ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝሁ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ።

«እውነቱን።»

መናገር ጀመረ። እኔም አንድ አንቀጽ ሳልጠቅስ፣ አንድ ነጥብ ሳልቆጥር ሰማሁት። የአባቱ ስም ጋ ሲደርስ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። ካርዱ እያለቀ እንደሆነ ሊነግረኝ ስልኩ ጢጥ አለ። እትዬ ዘይነባ ሌላ ካርድ ፍቀው በባንኮኒው ላይ አንሸራተቱልኝና፣ ሳለቅስ እንዳያዩኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።