ሥሩ ስላልተዘጋ የፊት ጥርስ የተደረገ ዘመቻ

በእመ ጓንት በሲስተር ዘመን፣ እርሳቸውም የጥርስ ክሊኒኩን መሳቢያ ቁልፍ በተረከቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ የመሣሪያ መቀቀያው በታደሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ ሁለቱ ሐኪሞች ጠብ ከጀመሩ ሩብ ሰዓት አልፏቸው ነበር። የጠቡም ምክንያት በወንበሩ የተጋደመችው የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ከዥዋዥዌ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰብሮ፣ ነርቩ ሞቶ፣ ሥሩም ገና ስላላደገ ጫፉ እንደ ቱቦ አፍ ወለል ብሎ ተገኝቷልና። ያ ጫፍ ካልተደፈነ ጥርሱ ይነቀላል።

ወእምዝ ትልቁ ሐኪም፣ ፀጉራቸው ሸብቶ እጃቸው ያልሸበተ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሠላሳ ዓመት በካልሲየም ሊጥ ሠርቻለሁ! በየሦስት ወሩ ከቀየርነው ጫፉ ራሱ ይዘጋል። ምን ያስቸኩላል?»

ትንሹም ሐኪም፣ ከሥልጠና በቅርቡ የተመለሰው፣ አወጀ፦ «ሊጡ ዓመት ከቆየ ሥሩ ይደክማል ጋሼ፤ ካሮት ስትነክስ ይሰበርባታል! ግራጫው ሲሚንቶ በሁለት ቀጠሮ ይገላግለናል።»

«ጥርሱን ያጠቁረዋል!»

«እንግዲያው ነጩ! በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይደርቃል።»

«የትናንት ፈጠራ አምኜ?»

ይህ ሁሉ ሲታወጅ ሲስተር ነጩን ሁለት ጊዜ በጠበጡ፤ ሁለት ጊዜም በክርክሩ መካከል መበጥበጫው መስታወት ላይ ድንጋይ ሆነ። የቀረው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ ማደንዘዣውም ሊለቅ ተቃርቧል።

ከሲስተር ጋር የተሰለፉትም ጥጥ፣ ምራቅ መምጠጫ ቱቦ፣ ባለ እጀታዋ ትንሽ መስታወትና በር ላይ የቆመችው የልጅቷ አክስት ናቸው። አክስትም አወጀች፦ «በየሦስት ወሩ ማን ፈቃድ ይሰጠኛል? አለቃዬን አታውቋትም!» ልጅቷ ግን አፏ በላስቲክ ተወጥሮ ነበርና አዋጇን በቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ጻፈች፦ «ጥቁር ጥርስ አልፈልግም። አፌንም ደከመኝ።»

ያን ጊዜ ሲስተር ካርዱን ከፍ አድርገው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ አወጁ፦ «ዓመት መመላለስ የለም፣ መጥቆርም የለም፤ ነጩ ነው! አንድ ብልቃጥ ነው የቀረን። ከበጠበጥኩ በኋላ አፏን የምትከፍተው ልጅቷ ብቻ ናት!»

ሲስተር በጠበጡ፤ ትንሹ ሐኪም ደፈነ፤ ትልቁ ባለ እጀታዋን መስታወት ያዙ። ራጅ ሲነሣም መድፈኛው ያን ክፍት ጫፍ እንደ ጠርሙስ ክዳን ገጥሞት ታየ።

ወዲያውም ታላቅ ውዳሴ ሆነ። «እጅህ የጌጥ ሠሪ ነው!» አሉ ትልቁ። «ዓይንዎ ነው እንጂ ጋሼ፣ የንስር!» አለ ትንሹ። አክስትም ሁለቱን መረቀች፤ ልጅቷም በደነዘዘ ከንፈሯ ፈገግ አለች። ሲስተር መበጥበጫውን መስታወት አጠቡ፤ ሁለቱን ድንጋዮች በጓንታቸው ጠቅልለው ጣሉ፤ ሹራባቸውን ደርበው ወጡ። ውዳሴው ከኋላቸው ገና ትልቁ ሐኪም የተመረቁበት ዓመት ላይ ደርሶ ነበር።