ቀበሌ የሌለው መንደር

እኛ ሰዎች አንድ ነገር አለ ብለን የምናምነው አዛዥ ሲኖረው ነው መሰለኝ። ዕድር ዳኛ ይፈልጋል፣ ሠርግ እንኳ ጠጅ አሳላፊ ይፈልጋል። ሊቀ መንበርም ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም የሌለው መንደር ሲገጥመንማ ግራ ይገባናል። እንግሊዞች እንዲህ ያለ መንደር ሞልቷቸዋል። ከለንደን ራቅ ስትሉ፣ እርሻ መሐል አሥር የማይሞሉ ቤቶች ታያላችሁ። ስም አላቸው፤ የራሳቸው አስተዳደር ግን የላቸውም። ጉዳያቸው ሁሉ ካውንቲው ጋ ነው።

ጋሽ ተስፋይ «ካውንቲ» አይሉም። አሥመራ በአማርኛ ተምረው የወጡ ሰው ስለሆኑ፣ ለእሳቸው ኖርፎክ አውራጃ ነው። ለንደን፣ ካምደን በሚባል ሰፈር አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጃቸው ሳባ የለንደን ፍላቷን ለቃ፣ ኖርፎክ ካሉት ከነዚያ መንደሮች አንዱ ውስጥ ገባች።

«አውቶቡስ የማይደርስበት አገር ሰው ይኖራል? ና አብረን ሄደን መክረን እንመልሳት» አሉኝ። መኪና ያለው ሰው ለምክር ይፈለጋል።

ሄድን። ማታ እራት ላይ ጋሽ ተስፋይ ጀመሩ።

«ለመሆኑ ቀበሌያችሁ የት ነው?»

«ዳዲ፣ እዚህ ቀበሌ የለም።»

«ብትታመሚ ማን ይሰማሻል?»

ሳባ ዳቦውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። እኔም ሾርባዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ጠዋት ስንነሳ ጋሽ ተስፋይ የሉም። ካፖርታቸውም የለም። ስንደውል ስልካቸው ትራስ ስር ጮኸ። ውጭው ጉም በጉም ነው፤ አጥሩ እንኳ አይታይም። የልብ መድኃኒታቸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ሳባ ፖሊስ ጠራች፤ እየመጣን ነው፣ ግን መንገዱ ሩቅ ነው አሏት። «አባቴን እኔ ነኝ እዚህ ያመጣሁት» እያለች የጎረቤቷን የማርጋሬትን በር አንኳኳች።

ማርጋሬት ጥያቄ አላበዛችም። ቦት ጫማዋን አጠለቀችና በየቤቱ ዞረች። ወዲያው መንደሩ በሙሉ ከነውሻው ወጣ፤ ማንም ማንንም ሳያዝዝ እርሻው ላይ ተሰለፈ። እኔ «ጋሽ ተስፋይ!» እያልኩ ስጣራ፣ ከጉሙ ውስጥ የእንግሊዞች ድምፅ «ጋሽ! ጋሽ!» እያለ ይከተለኛል። ስማቸው መስሏቸዋል። በዚያ ጭንቅ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እንባዬ።

መጨረሻ ያለው ቤት ጋ አንድ ውሻ ጮኸ። ሮጥን። ከጓሮው የተከመረ ማገዶ አጠገብ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተጋድመዋል፣ የጋሽ ተስፋይን ካፖርት ለብሰው። ጋሽ ተስፋይ በሹራብ ብቻ እየተንቀጠቀጡ፣ የሽማግሌውን እጅ ይዘው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ዳዲ!» ሳባ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«በእግሬ ስንሸራሸር ሲያቃስት ሰማሁ። እንጨት ሲያነሳ ወድቆ ነው። ብጮህ የሚሰማኝ አጣሁ። ሰው ልጥራ ብዬ ስነሳ እጄን አይለቅም። ታዲያ እንዴት ጥዬው ልሂድ?»

አምቡላንስ መጣ። ሽማግሌው ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። በዚያ ብርድ ብቻቸውን ቢቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አሉን የአምቡላንሱ ሰዎች። አንድ ሰው ፍለጋ ወጥተን ሁለት አገኘን። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ከሞቅን በኋላ፣ ጋሽ ተስፋይን ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

«ታዲያ ሳባን መቼ ይዘናት እንመለስ?»

«የት?» አሉኝ፤ ከምር የገባቸው አይመስልም። «አንተ ሂድ። እኔ ሰውየው ከሆስፒታል እስኪወጣ እቆያለሁ። ጠያቂ የለውም።»

ብቻዬን ለንደን፣ ስትሪትሃም ወዳለው ቤቴ ተመለስኩ። ደረጃውን ስወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ከእኔ በላይ ያለውን ሰው ኮቴውን እንጂ ፊቱን አላውቅም። ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩ በጥቂቱ ተከፈተ።

«ፓርሴል ነው? የፖስታ ዕቃ?»

«አይ፣ የታች ጎረቤትህ ነኝ። ደህና መሆንህን ልጠይቅ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ደህና ነኝ» አለና በሩን ጠረቀመው።

ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ቀለል ብሎኝ ወረድኩ። በር የሚጠረቅም ሰው ቢያንስ በእግሩ ቆሟል።