ወንዝ ዳሩን ያመሰገንን ዕለት

እኔ የሚያደንቀኝ ሰው ያስጨንቀኛል። እውነቴን ነው። ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ መጥታ፣ «ግቢሽ እንዴት ደስ ይላል! ለጥ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት!» ስትለኝ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። «ኧረ ምኑ ደስ ይላል! ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጡ መከራዬን ያበላኛል» አልኳት። አይጥም የለኝ። ሴትዮዋ ቅር ብሏት ሄደች። ምን ላድርግ? በደርግ ጊዜ የደረሰብንን ብታውቅ ኖሮ አትቀየመኝም ነበር።

እንግዲህ ተቀመጡና ስሙኝ። እኔ ራሴ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው የማወራው። አትታዘቡኝ።

መንደራችን ከደባርቅ በታች ነበር። እርሻችን ሁሉ ተዳፋት ነው። ሜዳ የምንለው ወንዝ ዳር ያለችውን አንዲት መስክ ብቻ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ውሃ ይተኛባታል፤ በጋ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ደግሞ እሷ ብቻ አረንጓዴ ናት። የመንደሩ ከብት በጋውን የሚወጣው በእሷ ነው። እኔ ያኔ ጡቴ ደርቆብኝ ሕፃኑ ልጄ የሚያድገው በላሜ በወርቂት ወተት ነበር። ስለዚህ ያችን መስክ የልጄ ጉሮሮ ናት ብላችሁ ያዙልኝ።

አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡና ዙሪያዋን ችካል ተከሉ። የባሕር ዛፍ ችግኝ ጣቢያ ልትሆን ነው ተባልን። ለምን ብንል፣ ጠፍ መሬት ነው፣ ረግረግ ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም አሉን። ይህን ሲሉ ወርቂት እዚያው አጠገባቸው ሣሯን ትግጣለች። ዓይን የላቸውም እንዴ?

መንደሩ ተሰበሰበ። ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። መንግሥት ይከሰሳል? ያኔ እንኳን መክሰስ ማስነጠስም ያስፈራ ነበር። «ይከሰሳል!» ብለው የተነሱት አያ ደምሌ ናቸው። አያ ደምሌ የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው ሰው ጠላ ሲወድ እሳቸው ችሎት ይወዳሉ። የራሳቸው ክርክር ሲያልቅባቸው የማያውቁትን ሰው ክርክር ሊሰሙ ደባርቅ ይወጣሉ። በሉ እንግዲያው ይክሰሱልን ተባለና ተወከሉ። ሴት ይኑርበት ሲባል ደግሞ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ከዚያማ የቀጠሮ ያለህ! ልጄን አዝዬ ያንን ዳገት እወጣለሁ። ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል። እንመለሳለን። ደግሞ እንወጣለን። ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት የዳባት ስለሆነ መዝገቡ ዳባት ሄዷል። እስኪመለስ ጠብቁ። የደባርቅ ብርድ አጥንት ይገባል፤ እኔ ደግሞ አግዳሚው ላይ አልረጋ እያልኩ ግቢውን እዞረዋለሁ። ዘበኛው እንኳ፣ እባክሽ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ ብሎ ለምኖኛል። እንዴት ልቀመጥ? መስኩ ታጥሯል። ወርቂት የጎጆዬን ክዳን እየመዘዘች መብላት ጀምራለች። ወተቷ ከዕለት ወደ ዕለት እያነሰ ነው።

በመጨረሻ ተሰማን። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ካኪ የለበሰ፣ ትሑት ልጅ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ እግር ይውጣል፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። እንግዲህ አትጥሉኝና፣ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። እኛ ማለት የነበረብን፣ አዎ፣ ግን በጋ ከብታችን ይግጥበታል፣ ይኸው ነው። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስንለማመድ ነው የወጣነው።

አያ ደምሌ ተነሱ። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ። ዳኛውን ጓድ በሉ ተብለው ተመክረዋል፤ አፋቸው ግን የለመደው ጌታዬ ማለት ነው።

«ጓድ ጌታዬ! ውሃ ይተኛበታል ያለው ሐሰት ነው። ያ መስክ በነሐሴ እንኳ አቧራ ይቦናል! ነፋስ አይነካው፣ ውርጭ አያውቀው። ለጥ ያለ ሜዳ፣ ውሃው ደጃፉ ላይ። ከብት ይቅርና ሰው ቢሰፍርበት ሽማግሌው ጎረምሳ ይሆናል!»

ጋቢያቸውን ጎተትኩ። ማን ይሰማኛል? ችሎቱን የሞላው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ጭራሽ ባሰባቸው። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉኝ። ወርቂት በዓይኔ መጣች። አዎ ጓድ፣ አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ረታን! መሬቱ ጠፍ አይደለም፣ የባለሙያው ቃል አይታመንም፣ ችካሉ ይነቀል ተባለ። እልል እያልን ወረድን። ወርቂት መስኳ ገባች፣ ወተቷም ተመለሰ። አያ ደምሌማ ንግግራቸውን ደባርቅም ዳባትም ባለ ጠላ ቤት ሁሉ ደጋግመው አወሩት። ያልሰማ ሰው አልቀረም።

ካድሬዎቹም ሰሙ።

ብዙም ሳይቆይ መንደር ምሥረታ መጣ። የተበታተነው ገበሬ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይስፈር ተባለ። የእኛው ካድሬ እየሳቀ መጣ። የሌላ ቀበሌ ሰው ቦታ ሲፈልግ ይንከራተታል፣ እናንተ ግን ለሰው የሚስማማ መሆኑን ፍርድ ቤት የመሰከረለት ሜዳ አላችሁ አለን። ኧረ ውሃ ይተኛበታል ብንለው፣ አቧራ ይቦናል ብላችሁ የለም እንዴ አለ። ጎጆአችንን አፍርሰን መስኩ ላይ በሰልፍ ተከልን። ሣሩ ከቤትና ከመንገድ ሥር ቀረ። የሚግጥ ነገር ሲጠፋ ወርቂትን ዳባት ላለችው እህቴ ነድቼ ሰጠሁ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ልጄ ወተት ወተት ሲል በጥብጬ የምሰጠው የበሶ ውሃ ነበር።

ክረምት ገባ። ወንዙም ቤታችን ገባ። ልጄን ቆጥ ላይ ሰቅዬ ውሃውን ከቤት እየቀዳሁ ስደፋ፣ አያ ደምሌ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው በደጄ ተጣሩ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፈክቷል።

«ልጄ፣ እንከስሳለን!»

ግን ረግረግ ነው ብሎ የሚመሰክርልን ማን ነው? እኛማ አቧራ ነው ብለን ጨርሰናል። ከዚያ ካኪ ለባሹ ልጅ በቀር ሰው አጣን። ጭቃችንን እንደተለወስን ደባርቅ ቢሮው ሄድን። ደህና አድርጎ ተቀበለን፤ ወንበር ሰጠን። እሳቸው ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ። ምስክር ሁነን ብለን ለመንነው።

ልጁ እግራችንን አየና አንገቱን ደፋ። «ደስ ይለኝ ነበር፣ እናቴ። ግን ውሃ ይተኛበታል ብዬ ስናገር ቃሉ አይታመንም ተብሎ ተፈርዶብኛል። አሁን ማን ያምነኛል?»

አያ ደምሌ ከወንበሩ ብድግ አሉ። እንደዚያን ቀን ተቆጥተው አያውቁም።

«አንተ ሰነፍ! እውነቱ በእጅህ እያለ ይግባኝ የማትል ምን ዓይነት ሰው ነህ? ይኸው እኛን አስፈጀኸን!»