አያስቀርብም
የይግባኝ ዳኛ እናት ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያስ እኔን ጠይቁኝ፤ ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም በዚህስ ጉዳይ ሊቅ ሆኛለሁ። ልጄ የወረዳ ዳኛ ሳለ ባልና ሚስቱ፣ ምስክሩና ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ሲጮኹበት ይውል ነበር። ወደ ዞን ሲያድግ ግን ሰው መስማቱን ትቶ ወረቀት ማንበብ ያዘ። ሹመት ማለት ከሰው ድምፅ መራቅ ይሆን? ከዚህም በላይ ካደገ እኔንም በጽሑፍ ካልሆነ አልሰማም እንዳይለኝ እሰጋለሁ።

ዞን ገብቶ መፍረድ በጀመረ በሦስት ወሩ ለሹመቱ ቡሬ አጠገብ ባለው ቤታችን ደገስን። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴም መጡ። የሟች ባላቸው ወንድም የሚበሉበትን የወንዝ ዳር መሬት ወስዶባቸው፣ ወረዳውም ለእሱ ፈርዶለት፣ ይግባኛቸው ልጄ ዘንድ ደርሶ ነበር። እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት ተናገሩት።

«ልጄ፣ ያን ሰው እንኳ ሳትጠራው መዝገቤን ዘጋኸው?»

«እትዬ፣ አያስቀርብም ብያለሁ። እሱን ጠርቶ መልስ የሚያሰጥ ነገር በወረቀቱ ላይ አላገኘሁም ማለት ነው።»

«ስትወለድ የተቀበልሁህ እኔ ነኝ። ያኔ ጩኸትህን ያለ ወረቀት ነው የሰማሁት።»

እንግዳው ሳቀ። ልጄ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። እኔ መግቢያው ቢጠፋኝ፣ «ለእትዬ ዘውዴ ወጥ አቅርቡላቸው እንጂ!» ብዬ ጮኽሁ።

እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ተይው እታለም፣ ልጅሽ አያስቀርብም ብሏል።»