የአያት ስም የሌለው ወረቀት

ጋሽ ዋናው ይተኛሉ ወይ? ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ኖረን፣ ይህን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። እኔ ራሴ መጽሐፍ ይዤ የማነጋ ሰው ነኝ። መብራቴን አጥፍቼ ስጋደም ግን የእርሳቸው መስኮት ጨልሞ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወረፋ ይዛችሁ፣ እግራችሁ ዝሎ፣ ተራችሁ ደርሶ ፊቱ ስትቆሙ ወረቀታችሁን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ከታች እስከ ላይ ያነብና፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ የጎደለችውን አንዲት ነገር ይነግራችኋል። ሁልጊዜም አንዲት ነገር ትጎድላለች። ሁለት ቢጎድልማ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ የምታመላልሰው አንዲቷ ናት።

የእኛው ክቡርነታቸው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ናቸው። ዲፕሎማት መስለዋችሁ እንዳትደነግጡ። ዲፕሎማቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ጋሽ ዋናው ምድር ቤት፣ የዜጎች አገልግሎት፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ናቸው። ባሕር ማዶ የሚሻገር የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ውክልና፣ የሥራ ውል፣ ሁሉም በእጃቸው ያልፋል። ማኅተሙን ሃያ ሦስት ዓመት መትተዋል። ከዚያ የተነሣ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሏል ይባላል፤ እኔ ለክቼ አላረጋገጥሁም።

የተጸውዖ ስማቸውን ግቢው ረስቶታል። «ጋሽ ዋናው» ያልናቸው ከአፋቸው ከማትጠፋ አንዲት ቃል ተነሥተን ነው። ኮፒ ሲሰጧቸው «ዋናው የታለ?» ይላሉ። ይህስ ሥራቸው ነው። ክፋቱ፣ ቃሏን ቢሮ ቆልፈውባት አይመጡም። አከራያችን የተወለደላቸውን የልጅ ልጅ ፎቶ በስልክ ቢያሳዩዋቸው፣ አተኩረው አይተው «ደስ ይላል። ዋናውስ የታለ?» አሉ። ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን «ወንድሜ ሰላም ብሎዎታል» ቢላቸው «ራሱ አይመጣም?» አሉት። አንድ ጊዜ ውኃ ይጠፋል የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፎ፣ ፊርማውን አገላብጠው «ኮፒ ነው» ብለው ባልዲያቸውን ሳይሞሉ ገቡ። ውኃው ጠፋ። ሦስት ቀን ከእኛ እየተበደሩ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ማስታወቂያውን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም።

ሁለተኛዋ አባዜያቸው የአያት ስም ናት። እኔን ራሴን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬን ይዤ ብሄድ ሁለት ጊዜ መልሰውኛል።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ እኮ በር ላይ አብረን ቆመን ስናወራ ነበር» አልኋቸው።

«አውቅሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔ አውቅሃለሁ፤ ወረቀቱ ግን አያውቅህም። የአንተና የአባትህ ስም ያለው ሰው እዚህ ሰልፍ ላይ ብቻ ሦስት አይጠፋም። ሰው ሙሉ የሚሆነው አያቱ ሲጨመር ነው። ቀጣይ!»

ከእኔ ፊት ለፊት ካለው ክፍል እትዬ ስፌት ይኖራሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ልጅቷ የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት ባልቴት ልትጦር ወደ ውጭ ስትሄድ፣ ሻንጣ ተቆልፎ፣ እናት እንባቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳለ፣ ጋሽ ዋናው አቃፊያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከተፍ አሉ።

«የፓስፖርትሽ ኮፒ ነው። አንዱ ለእናትሽ፣ አንዱ ለሻንጣሽ፣ አንዱ ለእኔ። በይ አሁን ስምሽን እስከ አያት ጥሪ።»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ እኮ ነኝ» ብላ ሳቀች።

«አንቺ መሆንሽን እዚያ ማን ያውቃል?»

እየሳቀች ጠራችላቸው። እኛም ሳቅን።

ባለፈው ወር የልጅቷ ስልክ ዝም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷን የላካት ደላላ በእናቲቱ ስልክ የአንድ ወረቀት ፎቶ ላከ። የሆስፒታል ወረቀት ነው። የልጅቷ ስም አለበት፣ የአባቷ ስም አለበት፣ የፓስፖርት ቁጥር አለበት፣ ሞታለች ይላል። ደላላው ከሥሩ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ጨምሮበታል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተቋረጠ፤ ቀጥሎ የሰማነው የእትዬን ጩኸት ነው።

ጋሽ ዋናው ከሥራ ሲገቡ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ አግዳሚ ወንበሮች ወጥተዋል።

«ምንድን ነው?»

«የእትዬ ልጅ... አረፈች» አሉ አከራያችን።

«ማን አለ?»

«ወረቀት መጣ።»

ምነው ባላሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አሉ።

«ዋናው የታለ?»

ታክሲ ነጂው ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። «እኚህን ሰውዬ አንድ በሉልኝ! ዛሬ እንኳ?»

እርሳቸው አልሰሙትም። ስልኩን ከእናቲቱ እጅ ቀስ አድርገው ወሰዱ። ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከታች እስከ ላይ አነበቡ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«የአያት ስም የለውም።»

«ጋሼ፣ ልብ የለዎትም?» አለ ታክሲ ነጂው።

«ልብ አለኝ። የአያት ስም ግን የለውም።» ወደ እናቲቱ ዞሩ። «ያን የሰጠሁሽን ኮፒ አምጪው።»

እትዬ ከፍራሹ ሥር አወጡት። ጋሽ ዋናው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የፓስፖርቱን ቁጥር በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ። ሁሉም አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ጣታቸው ቆመ። በኮፒው ሰባት ነው፤ በወረቀቱ አንድ።

«አለች ማለት ነው?» አሉ እትዬ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

«የቸኮለ እጅ ሰባትን አንድ ያስመስለዋል። አለች አልልሽም፤ የለችም አልልሽም። አልተረጋገጠም። እስኪረጋገጥ ግን ወንበሮቹን አስገቡ። በእኔ መስኮት የአያት ስም ሳይኖረው የሚሞት ሰው የለም።»

ወንበሮቹ ገቡ። ለምን እንደታዘዝናቸው አላውቅም። አግዳሚዋን አንዷን ግን ራሳቸው ተቀመጡባትና የልጅቷን የሥራ ውል ኮፒ ከአቃፊያቸው አውጥተው፣ እሷ ባለችበት አገር ላለው ቆንስላ ተረኛ ደወሉ።

«አዎ፣ ከመስኮት ሦስት። አዎ፣ ቢሮ መዘጋቱን አውቃለሁ። የቤቱን አድራሻ ከውሉ ላይ አነብልሃለሁ፣ ጻፍ... ሩቅ መሆኑን አይቻለሁ፤ ውሉን የመታሁት እኔ ነኝ እኮ... ስልክ አይሠራም ስልህ፣ ሂድ ማለቴ ነው። በዓይንህ እያት።»

ተረኛው መጀመሪያ ነገ አለ። አምስተኛው ጥሪ ላይ መኪና የለም አለ። ዘጠነኛው ላይ መንገድ ጀምሬአለሁ አለ። በየመሃሉ ጋሽ ዋናው ኮፒውን ያያሉ፤ እትዬ እርሳቸውን ያያሉ። ታክሲ ነጂው ሻይ አምጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። አልጠጡትም፤ እርሱም አልተቀየመም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ተረኛው አንዲት ልጅ አቅርቦ ነበር። እትዬ ስልኩን ሊነጥቁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ዋናው በክርናቸው መለሷቸው። ያን ጊዜ እኔም ልመታቸው ምንም አልቀረኝም።

«ሙሉ ስም፣ እስከ አያት» አሉ በስልኩ።

ከወዲያ ማዶ እንቅልፍ የተጫነው ድምፅ መጣ፤ ግቢው ሁሉ ሰማው።

«ጋሽ ዋናው ነዎት እንዴ?»

ቅጽል ስማቸውን የሚያውቁ አይመስለንም ነበር። ፊታችንን የምንደብቅበት አጣን። እርሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነኝ። ስምሽን ጥሪ።»

እየሳቀች እስከ አያቷ ጠራች። ያኔ ስልኩን ለእናቲቱ ሰጡ።

«ዋናዋ ናት» አሉ።

ነገሩ ቀላል ኖሯል፤ ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል፤ የቤቱ ሰዎችም ዛሬ ነገ እያሉ አቆይተዋታል። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ታክሲ ነጂው ጋሽ ዋናውን ትከሻቸውን ሳመ፤ ዝቅ ያለውን። አከራያችን ዘፈን አነሡ። ጋሽ ዋናው ብቻ ከአግዳሚዋ አልተነሡም። ያን የሆስፒታል ወረቀት እንደገና እያነበቡት ነው።

«ጋሼ፣ በቃ እኮ፣ አለች!» አልኋቸው።

«እሷ አለች። ይህ ወረቀት ግን ሰው ሞቷል ይላል።» ጣታቸውን በፓስፖርት ቁጥሩ መጨረሻ ባለችው አንድ ላይ አሳረፉ። «ይህችኛዋስ፣ ዋናዋ የታለች?»

እልልታው ሳይበርድ፣ ጎህ ሲቀድ ቢሮ ገቡ። «የመታኋቸውን ውሎች ሁሉ አውጥቼ አየሁ» አሉኝ በኋላ። እኩለ ቀን ላይ የሌላኛዋን ልጅ ውል አገኙ። ያው ስም፣ ያው የአባት ስም፣ የፓስፖርቱ ቁጥር መጨረሻው አንድ። እናቷ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ልጄ ደኅና ናት ብላ ተቀምጣለች።

አቃፊያቸውን ይዘው ወደ አውቶቡስ ሲወጡ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ አይላክም?»

«ደብዳቤ ኮፒ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ሁለቱም ትከሻቸው እኩል ዝቅ ብሏል።

«አገኟቸው?»

«አገኘኋቸው። የአያቷን ስም ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ።» አቃፊያቸውን በብብታቸው ሸጎጡ። «ከውሉ ጋር አንድ ነው። ሙሉ ነበር። ምንም አልጎደለም።»

በሃያ ሦስት ዓመት ሥራቸው ስለ አንድ ወረቀት እንዲህ ብለው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ አንዲት ነገር ብትጎድል ምን ነበረበት አልሁ በልቤ።

የያዝሁትን መጽሐፍ ያን ሌሊት ገጽ አልገለጥሁለትም። መስኮታቸውን እያየሁ ተቀመጥሁ። መብራቱ ጠፋ። ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር።